ዲን የሚበላው

መብራት ጠፋ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፤
የማሞቂያው ሳጥን ቀይ ዓይኑን ከደነ፣
ሰባ የነበረው ስድሳ ስምንት ሆነ፣
ስድሳ አምስት ሆነ።
ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለው፤
ጋቢውን ወደ ጆሮው ሳበ ጥበቃው ጋሽ ቢምረው፣
“ነገ ይመጣል” አለ።
ነገማ ለሰው ነው፤ ለዚህ ፍጡር መቼ ነገ አለ?

እኔ ላቦራቶሪው መሐል ጠርሙሷን በሁለት መዳፌ ይዣለሁ፤
የሠላሳ ሰባት ዲግሪ ሰው ነኝ፣ ከየት አመጣለሁ?
የኔ ትኩሳት ለሱ ውርጭ ነው፤
እቅፍ የሚያበርደው
ምን ዓይነት ልጅ ነው?

ሐሙስ ነው ያመጣሁት፣ ከፍል ውሃው፣ ከዋንዛዬ፣
በፔርሙስ አሽጌ፣ በሚኒባስ፣ ከጉያዬ።
ሰዎች ነበሩ፣ ነጭ ለብሰው ተራ የያዙ፣
ቁርጥማትና እከካቸውን ለፍሉ ሊሸኙ የተጓዙ፤
እኔ ተደፍቼ፣ ከድንጋዩ ከንፈር፣ እንፋሎት ፊቴን እየላጠኝ
ቢጫውን ዝልግልግ በማንኪያ ስፍቅ አንዲት ባልቴት አየችኝ፦
“ምነው ልጄ፣ እኛ እድፋችንን ልንጥል መጥተን
አንቺ ትለቅሚያለሽ ተከትለሽ እኛን?”
አልመለስኩላትም። እንዴት ብዬ ልንገራት፣
አፍንጫዋን ይዛ የምትነከርበት
ያ የገማ እንቁላል ሽታ የነሱ የራት ደወል መሆኑን፣
ፀሐይ ሳይለምኑ፣ ቅጠል ሳይጠብቁ፣ ከምድር አንጀት የተገፋውን ዲን
በአየር አንድደው እንደሚውሉ፣
ነበልባል በሌለው በዚያ እሳት እንደሚባዙ፣ እንደሚበሉ?

እኔ የማውቀው ዲን ሌላ ነበር፤
የኔታ ያዜ ሲያስፈራሩን፣ በሰዶም ጣሪያ የሚዘንብ፣ ኃጢአተኛን የሚያሳርር።
ከዚያ ዝናብ ሥር አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ ነፍስ እንዳለ
የኔታ አልነገሩንም፤
ምናልባት ማንም አልነገራቸውም እሳቸውንም።

ጠርሙሷን በፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። ባጃጅ። አዲስ ዓለም።
ግንቡ በጎኔ አለፈ፣ ጨለማ ላይ የተደገፈ ጨለማ፤
በዚህ ሰዓት ከጀውሃር ዳቦ ቤት በቀር የሚነድ የለም
በዚህች ከተማ።

“ምንድን ነው?” አለ፣ ዱቄት እስከ ቅንድቡ።
“ነፍስ ያለው ነው። ሰባ ዲግሪ ይሻል። ሲበርደው ያንቀላፋል፣ ካንቀላፋ ይቀራል።”
“ምንድን ነው ቀለቡ?”
“ዲን።”
አካፋውን አቆመ፤ እስኪያስለው ሳቀ፤
“ዲን የሚበላማ እዚህም ሞልቷል፣ ማን አላወቀ!
የኛው ግን ሙቀት አይሻም፣ እህቴ፣ ሲበርድ ነው የሚያምርበት፤
ልብ የበረደ ሰው ዘንድ ነው የሚወፍርበት።”
ቆይቶ ነው የገባኝ። የኔ ዲን ከድንጋይ፣
የሱ ዲን ከሰማይ፣
አንድ ቃል፣ ሁለት ገበታ፤
ሳቄ ዘግይቶ መጣ፣ እሱ ሊጥ ሲመታ።

ቴርሞሜትር የለው። ክንዱን እስከ ክርኑ ወደ ምድጃው አፍ ሰደደ፤
ፀጉር የሌለው ክንድ፣ ሃያ ዓመት የነደደ።
“እዚህ እርሾዬ ይነፋል፣ እዚህ እርሾዬ ይሞታል” አለኝ፣ ጡቡን በጣቱ እየነካ።
“የሚሞትበት ላይ አድርጋት” አልኩ።
ፊቴን አየ። “አትቀልድም ለካ።”

የዱቄት ጆንያ ላይ ጋደም ብዬ አደርኩ።
በየሰዓቱ ይነሣል፣ ፍልጥ ይጨምራል፣
ጠርሙሷን ጥቂት ያሸሻል፣ ጥቂት ያቀርባል፣
የታመመ ልጅ እንዳለው ሰው፤
ለሱብሒ ሲሄድ “አንቺ እያት” ብሎኝ ምድጃውን ለኔ ተወው።

ጎሕ ሲቀድ መብራት መጣ፣ ገዢ በር ላይ ተደረደረ፤
ጠርሙሷን በጨርቅ ይዞ ሰጠኝ፣ አንድ ትኩስ ዳቦም ጨመረ።
በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ገና አላየሁም፣ ማይክሮስኮፑ ማራኪ ነው ያለው።
ክዳኗ ግን ሌሊቱን ሳይተነፍስ አልቀረም፦
ዳቦው ዲን ዲን ይላል፣ ቅርፊቱ ላይ ነው።

በላሁት።